«እሺ፣ ነገ» እያሉ የሚከስሩ የሶፍትዌር ድርጅቶች

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይላሉ አበው። አባባሉ ለሽማግሌ ጉባዔና ለጉርብትና ይሠራ ይሆናል። በንግድ ዓለም፣ በተለይም በኮምፒዩተር ፕሮግራም ሽያጭ ሥራ፣ ቀን ያልተቆረጠለት «እሺ» ፊርማ የሌለው ዕዳ ነው። «እሺ፣ ነገ እናስተካክልልዎታለን» የተባለ ደንበኛ ነገን ይጠብቃል፤ ከነገ ወዲያ ይደውላል፤ በሳምንቱ ይቆጣል፤ በወሩ ዝም ይላል። ድርጅቱም ደንበኛው ዝም ሲል ችግሩ የተፈታ መስሎት እፎይ ይላል። ዝምታው የስንብት ደብዳቤ እንደነበረ የሚገባው ግን የዓመቱ የጥገና ክፍያ ሳይገባ ሲቀር ነው።

በአዲስ አበባ ሕንፃዎች ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ተከራይተው የሒሳብ፣ የስቶክ፣ የደመወዝ፣ የመድኃኒት ቤት፣ የሆቴልና የትምህርት ቤት ፕሮግራም የሚሠሩ ትናንሽ ድርጅቶች አሉ። የሠራተኞቻቸው ቁጥር አምስት፣ ቢበዛ አሥር ነው። የዚህ ገጽ አንባቢ ከእነዚህ ድርጅቶች ጋር የሚገናኘው በሦስት መንገድ ነው። ወይ ለሱቁና ለመጋዘኑ ፕሮግራም ይገዛል፤ ወይ ገንዘቡን አውጥቶ ባለድርሻ ለመሆን ያስባል፤ ወይ ደግሞ በመካከል ሆኖ ገዢና ሻጭን ያገናኛል። ለሦስቱም የሚጠቅም አንድ ጥያቄ አለ። ስልኩን የሚያነሣው ማነው?

ጥያቄው ተራ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት የሚድነውም የሚሞተውም በዚህ ወንበር ላይ በሚቀመጠው ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጉድለት የሌለበት ፕሮግራም በዓለም ላይ የለም። ጉድለቱ በተገኘ ሰዓት ለደንበኛው ምን እንደተባለ፣ ማን እንደተናገረውና የተባለው መፈጸም አለመፈጸሙ ግን በድርጅቱ እጅ ያለ ነገር ነው። እንግዲህ የቅጥርና የደንበኛ ግንኙነት ጉዳይ ሁለት ሳይሆን አንድ ጉዳይ ነው ማለት ነው።

ከሳሙና ሻጩ የተገኘ ትምህርት

ስኮት ኩክ የተባለው አሜሪካዊ ወደ ኮምፒዩተር ንግድ ከመግባቱ በፊት በሳሙና ምርቱ በሚታወቀው በፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ኩባንያ ይሠራ ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. ከቶም ፕሩ ጋር ሆኖ በካሊፎርኒያ ኢንቱዊት የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ሥራውን የጀመረው የሰው ቤት ስልክ እየደወለ የቤት ወጪያችሁንና ቼካችሁን እንዴት ትመዘግባላችሁ? ብሎ በመጠየቅ ነበር። ከዚህ ጥያቄ የተወለደው ኩዊከን የተባለው የቤት ሒሳብ ፕሮግራም ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድርጅቱ ገንዘብ አልቆበት ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት እንደነበርም ይታወቃል።

ኢንቱዊት ቆየት ብሎ አንድ ልማድ አመጣ። ሠራተኞቹ ፕሮግራሙን የገዛውን ሰው አስፈቅደው እስከ ቤቱ ይከተሉታል። ሰውዬው ዕቃውን ሲከፍት፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ሲጭን፣ የቱ ጋ ግራ እንደተጋባ፣ የቱ ጋ እንደተናደደ ቁጭ ብለው ይመለከታሉ። አያስተምሩትም፤ ዝም ብለው ያያሉ።

ደንበኞቹን ቀርቦ በማየት ማንም ያልጠበቀው ነገር ታወቀ። ለቤት ወጪ ተብሎ የተሠራውን ፕሮግራም ብዙ ሰዎች የሱቅና የቢሮ ሒሳብ ይሠሩበት ነበር። ለንግድ ተብለው የተዘጋጁ የሒሳብ ፕሮግራሞች በገበያ ላይ ሞልተው ሳለ ለምን? ቢባል፣ ትንሹ ነጋዴ «ዴቢት» እና «ክሬዲት» የሚለውን የሒሳብ ባለሙያ ቋንቋ አያውቅም፤ ለማወቅም ጊዜ የለውም። እሱ የሚፈልገው ማን ዕዳ እንዳለበት፣ እሱ ለማን መክፈል እንዳለበትና በእጁ ስንት እንዳለ ማወቅ ብቻ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. በዚህ ነጋዴ ቋንቋ የሚናገረው ኩዊክቡክስ ለገበያ ቀረበ። በአሜሪካ የትናንሽ ነጋዴዎች ሒሳብ ገበያም የእሱ ሆነ።

አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህን ገበያ ያገኘው በቢሮ ተቀምጦ የሚጽፍ ፕሮግራመር አይደለም። ደንበኛውን ማዳመጥ ሥራዬ ነው ብሎ የያዘ ድርጅት ነው።

አንዱን ችግር ሁለት ጊዜ መፍታት

ሌላው ምሳሌ ፎግ ክሪክ የተባለው የኒው ዮርክ ድርጅት ነው። ጆል ስፖልስኪና ማይክል ፕራየር በ2000 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ይህ ትንሽ ድርጅት የሚታወቀው ፕሮግራመር ሲቀጥር በጣም መራጭ በመሆኑ ነበር። ስፖልስኪ በ2007 እ.ኤ.አ. ስለ ደንበኞች አገልግሎት ባወጣው ጽሑፍ ግን ስልክ የሚመልሰው ሠራተኛም እንደ ፕሮግራመሩ ተመርጦ መቀጠርና የዕድገት መንገድ ሊከፈትለት እንደሚገባ አስረድቷል። ከምክሮቹ ሁለቱ ለእኛ ገበያ የተጻፉ ይመስላሉ።

የመጀመሪያው እያንዳንዱን ችግር ሁለት ጊዜ ፍታ የሚለው ነው። በእኛ ሁኔታ እንየው። አንድ የመርካቶ ነጋዴ ደረሰኙ ላይ የገዢው ስም ተቆርጦ ይወጣል ብሎ ደወለ እንበል። የመጀመሪያው መፍትሔ የነጋዴውን ማሽን አስተካክሎ በዕለቱ ሥራውን ማስቀጠል ነው። ሁለተኛው መፍትሔ የሌሎቹ ደንበኞች ደረሰኝ እንዳይቆረጥ ፕሮግራሙን ከሥሩ ማረም ነው። ብዙዎቹ ድርጅቶቻችን የመጀመሪያውን ብቻ ሠርተው ስልኩን ይዘጋሉ። በማግስቱ ሌላ ነጋዴ ስለዚያው ነገር ይደውላል። ከዚያም «ደንበኛ አስቸገረን» ይባላል። ያስቸገረው ግን ያልታረመው ፕሮግራም ነው።

ሁለተኛው ምክር የሰውን ክብር የሚመለከት ነው። ኮምፒዩተሩ አልሠራ ያለውን ሰው «ገመዱን ሰክተውታል?» ብላችሁ አትጠይቁት ይላል። ሰውዬው እንደተናቀ ስለሚቆጥረው ሳያይ «አዎን» ይላል። ይልቁንስ «ገመዱን ይንቀሉት፣ አቧራውን እፍ ይበሉበት፣ መልሰው ይሰኩት» ብትሉት ክብሩ ሳይነካ ገመዱን ያያል። ይሉኝታ በሚያጠቃው አገር ይህ ትንሽ ብልሃት ብዙ ጠብ ያስቀራል። በዕድሜ የገፉ ባለሱቅ በልጃቸው ዕድሜ ያለ ፕሮግራመር «አልገባዎትም ማለት ነው?» ሲላቸው የሚቀየሙት ፕሮግራሙን ሳይሆን ድርጅቱን ነው።

ድርጅቱ በ90 ቀን ውስጥ ያልተስማማው ደንበኛ ምክንያቱን ሳይጠየቅ ገንዘቡን እንዲወስድም ይፈቅድ ነበር። በዚህ ምክንያት አልከሰረም። በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ትሬሎ የተባለው ፕሮግራም በ2017 እ.ኤ.አ. አትላሲያን ለተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ በ425 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል።

የቺካጎው ሠርቲሰቨን ሲግናልስም የሚጠቀስ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ቤዝካምፕ የተባለውን የሥራ ማስተባበሪያ ፕሮግራም ያወጣው ይህ ድርጅት ባለቤቶቹ በ2010 እ.ኤ.አ. «ሪወርክ» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ሁለት እኩል የሆኑ አመልካቾች ከቀረቡ የተሻለ የሚጽፈውን ቅጠሩ ብለው መክረዋል። አሳቡን በግልጽ መጻፍ የሚችል ሰው አሳቡ ራሱ ግልጽ ነው ከሚል ነው። ሠራተኞቹ የትኛውም ሙያ ቢኖራቸው በየተራ የደንበኞችን ጥያቄ እንዲመልሱም ያደርግ ነበር።

የእኛ ገበያ ጠባይ

«ይህ ሁሉ የአሜሪካ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። የእነሱ ደንበኛ ይጽፋል፤ የእኛ ደንበኛ ግን ይደውላል፣ ካልሆነም በአካል ይመጣል፣ ወይም በቴሌግራም ድምፁን ቀድቶ ይልካል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ከጽሕፈት ችሎታ አስቀድሞ የጆሮና የአንደበት ችሎታ ያስፈልጋል። ነገሩ ግን ያው ነው።

በሌላ በኩል የአገራችን ትንሽ ድርጅት የውጭዎቹ የሌላቸው አንድ ሀብት አለው። ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ የሒሳብ ሠራተኛ ሁሉ የሚሠለጥንበት ፒችትሪ የተባለው የአሜሪካ ፕሮግራም ነበር። ጥሩ ፕሮግራም ነው። ይሁንና ከውጭ የመጣ ፕሮግራም ዓመቱ 12 ወር እንጂ ጳጉሜን ያላት 13 ወር መሆኑን አያውቅም። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን እንደሚያልቅ ካልነገሩት አይገባውም። የቤተሰብ ስም ጻፉ ይላል፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። «ነገ በሦስት ሰዓት» ስንል ከማለዳው ሦስት ሰዓት መሆኑን የሚረዳ የውጭ ድርጅት የለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሪፖርት በወር መጨረሻ ሲያጣድፍም በአማርኛ የሚመልስ ስልክ ባሕር ማዶ አይገኝም።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው ለዚህ ነው። የአገር ውስጡ ድርጅት በገንዘብም በሰው ኃይልም የውጭውን አያህልም። የሚበልጠው በቅርበቱ ብቻ ነው። ስልክ የማያነሣ ጎረቤት ግን ከሩቅ ዘመድ በምን ይሻላል? ቅርበቱን ካልተጠቀመበት ያለችውን አንዲት ሀብት ጣለ ማለት ነው።

ሒሳቡን እናስላ

ነጋዴ በምክር ሳይሆን በቁጥር ያምናልና በምሳሌ እንየው። አንድ ትንሽ ድርጅት 120 ደንበኞች አሉት እንበል። እያንዳንዱ ለዓመት ጥገና 25,000 ብር ቢከፍል፣ ድርጅቱ በዓመት 3 ሚሊዮን ብር ያገኛል። በመልስ ማጣት የተነሣ 20 ደንበኞች ቢሄዱ 500,000 ብር ጠፋ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ሥራው ደንበኛን ማዳመጥ ብቻ የሆነ፣ በወር 25,000 ብር የሚከፈለው አንድ ጎበዝ ሠራተኛ ይቀጠር። የዓመት ደመወዙ 300,000 ብር ነው። አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ ጡረታ 33,000 ብር ሲጨመር 333,000 ብር ይሆናል። ይህ ሰው ሊሄዱ ከነበሩት 20 ደንበኞች መካከል 14ቱን ቢያስቀር ደመወዙን ከነጡረታው ከፈለ። የቀሩትም ከቀሩ ትርፍ ነው። የተከፋ ደንበኛ በየሱቁ እየዞረ የሚያወራው ወሬ የሚያስቀረው አዲስ ገዢ ከዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም።

ታዲያ ይህ ቁጥር እንዲህ ግልጽ ከሆነ ድርጅቶቹ ለምን አይቀጥሩም? ስልክ ማንሳት እንደ ሙያ ስለማይቆጠር ነው። ወንበሩ የሚሰጠው ሌላ ሥራ ለታጣለት ዘመድ ነው፤ ያለዚያም ጸሐፊዋ ከሌላው ሥራዋ ጋር ደርባ ትይዘዋለች። ሥልጣን የላትም፤ ስለ ፕሮግራሙም አልተነገራትም። ስለዚህ የምታውቀውን አንድ ቃል ትናገራለች፤ «እሺ፣ ነገ»። ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን ያለ መሣሪያ ጦር ሜዳ የላካት ባለቤት ነው።

ማንን እንቅጠር?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮድ ሙያ የማሠልጠን ፕሮግራም ጀምሯል። መልካም ጅምር ነው። ከዚህ በኋላ ኮድ የሚጽፍ ወጣት እንደ ቀድሞው ብርቅ አይሆንም። ብርቅ የሚሆነው የቅመማ ቅመም ነጋዴን ችግር ሰምቶ ለፕሮግራመሩ በትክክል የሚያደርስ፣ የፕሮግራመሩንም መልስ ነጋዴው በሚገባው ቋንቋ የሚመልስ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው በዲፕሎማ ብቻ አይታወቅም። በፈተና ግን ይታወቃል።

ፈተናው ከባድ አይደለም። የተቆጣ ደንበኛ የላከውን አንድ እውነተኛ አቤቱታ ስሙን አጥፍታችሁ ለአመልካቹ ስጡት። በአማርኛ ግማሽ ገጽ መልስ ይጻፍ፤ ቀጥሎም በቃል ይመልስ። ምክንያት የሚደረድረውንና ሰውን የሚወቅሰውን ለዩት። የሆነውን የሚናገር፣ የሚስተካከልበትን ቀን የሚቆርጥ፣ የማያውቀውን «አጣርቼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እደውላለሁ» የሚል ሰው ከተገኘ እሱ ነው። ፕሮግራመርም ሲቀጠር ይህንኑ ይፈተን። ተጨማሪ እሴት ታክስ በፕሮግራሙ እንዴት እንደሚሰላ ለገንዘብ ያዥ ማስረዳት ያልቻለ ፕሮግራመር እሱ ራሱ በደንብ አልገባው ይሆናል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜን እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል። ብዙው አሠሪ ይህን ጊዜ እንደ ወረቀት ሥርዓት ያሳልፈዋል። አስተዋይ አሠሪ ግን አዲሱን ሠራተኛ፣ ፕሮግራመርም ቢሆን፣ ከነዚህ ቀናት ጥቂቱን በደንበኛ ሱቅ ያስቀምጠዋል። ገንዘብ ያዡ ወረፋ ተሰልፎበት ፕሮግራሙ ሲዘገይ የሚያየውን ፊት ያየ ወጣት፣ በማግስቱ ኮድ ሲጽፍ ያ ፊት ትዝ ይለዋል። «የቸገረው ዕርጉዝ ያገባል» እንዲሉ፣ ሥራ በዛብኝ ብሎ ያለ ፈተና የሚቀጥር ድርጅት የሌላ ድርጅት ችግር ይዞ ይገባል።

ስለ ሻጮችም አንድ ቃል እንበል። በኮሚሽን የሚሠራ ሻጭ ወይም ደላላ ገዢውን ለማሳመን ፕሮግራሙ የሌለውን ሁሉ አለው ይላል፤ ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል። ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሲሄድ ቃሉን የሚከፍለው ስልክ የሚያነሣው ሠራተኛ ነው። መድኃኒቱ የኮሚሽኑን ግማሽ በሽያጩ ዕለት፣ ግማሹን ደግሞ ፕሮግራሙ ሦስት ወር ከሠራ በኋላ መክፈል ነው። ሐቀኛ ደላላ በዚህ አይከፋም፤ እንዲያውም ከአፈ ጮሌው የሚለይበት ሚዛን ያገኛል።

«ፕሮግራመሩን አታስጨንቁት»

በዚህ ላይ የሚነሣ መቃወሚያ አለ። ፕሮግራመር ውድ ሰው ነው፤ በየደቂቃው ስልክ ከጮኸበት ምን ይሠራል? ይባላል። እውነት ነው። ስለዚህ ሁሉም ፕሮግራመር ሁልጊዜ ስልክ ያንሣ የሚል የለም። ተራ ይግባ። በሳምንት አንድ ቀን አንዱ ፕሮግራመር ከደንበኛ አገልግሎት ሠራተኛው ጎን ይቀመጥ፤ የቀሩት ይሥሩ። ችግር ሁለት ጊዜ ከተፈታ ደግሞ የስልኩ ብዛት ራሱ እየቀነሰ ይሄዳል።

ሁለተኛው መቃወሚያ «ደንበኛ ካዳመጥከው ሁሉም የየራሱን ፕሮግራም ይጠይቃል» የሚል ነው። ማዳመጥ ማለት ሁሉን መፈጸም ማለት አይደለም። «ይህን አንሠራም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ማለትም መልስ ነው። ነጋዴ ቁርጡን ሲያውቅ ሌላ መላ ይፈልጋል። የሚጎዳው በ«እሺ» ተንጠልጥሎ ሲቀር ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና፣ ስህተት ሲፈጠርም ደንበኛው ሳይደውል ቀድሞ ደውሎ መናገር ያስከብራል።

ሦስተኛ ነገር እንጨምር። ደንበኛው የተናገረው ሁሉ በአንድ ፕሮግራመር የግል ስልክ ውስጥ የሚቀር ከሆነ፣ ያ ሰው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ በሄደ ዕለት የድርጅቱ ግማሽ ዕውቀት አብሮት ይሄዳል። ማን ደወለ፣ መቼ፣ ምን አለ፣ ምን ተባለ፣ መቼ ተፈጸመ የሚል አንድ መዝገብ በቢሮው ይኑር። ደብተርም ቢሆን ይበቃል።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት

እንግዲህ ገዢ የሆናችሁ፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት የድርጅቱን ነባር ደንበኞች ጠይቁ፤ ስለ ፕሮግራሙ ሳይሆን መጨረሻ ጊዜ ሲደውሉ በስንት ሰዓት መልስ እንዳገኙ። የመልሱ ጊዜ በሰዓት ተቆጥሮ በውሉ ውስጥ ይግባ። ያንን ለመፈረም የሚያመነታ ድርጅት ከወዲሁ መልስ ሰጥቷችኋል።

ባለድርሻ ለመሆን የምታስቡም የሚያብረቀርቀውን የፕሮግራም ማሳያ ከማየታችሁ በፊት የደንበኞችን መዝገብ አምጡ በሉ። ባለፈው ዓመት ስንት ደንበኛ የጥገና ክፍያውን አደሰ? ያላደሰው ለምን ቀረ? ስልክ የሚያነሣው ሠራተኛ ደመወዙ ስንት ነው፣ ከተቀጠረስ ስንት ጊዜው? ባለቤቱ ለእነዚህ ጥያቄዎች «እሺ፣ ነገ አጣርቼ» ካላችሁ ደንበኞቹም የሚሰሙት ይህንኑ መሆኑን ዕወቁት፤ ገንዘባችሁንም በኪሳችሁ አቆዩት።